የሰመመን ፋስ

«ሰመመን» ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው መታወቂያ ወረቀቷ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደን ጥበቃ መሥሪያ ቤት በገባች በሦስተኛው ቀን አለቃው ስለ ሥራው ሲያስረዱ፣ እሷ በመስኮቱ የዛፎቹን ጫፍ እያየች በሐሳብ ጭልጥ ብላ ሄደች። ሦስት ጊዜ ተጠርታ በአራተኛው «አቤት!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ተዉአት፣ ሰመመን ላይ ናት» አለ አንዱ። አለቀ፣ ስም ሆነ። እሷም አልተቀየመችም፤ ሰውየው አልዋሸማ!

እንዲህ ያለችውን ሴት ፋስ አስይዞ ጫካ የሚልክ ምን ዓይነት ጤነኛ ነው ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ሰመመን ቢሮ ውስጥ ፈዛዛ ናት፣ ገበያ ውስጥ ፈዛዛ ናት፣ ታክሲ ውስጥማ መውረጃዋን አልፋ ከተማውን ዞራ የምትመለስ ናት። እጇ ፋስ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ሕልሟ አይጠፋም፤ እጆቿ ብቻ ይነቃሉ።

ሥራዋ የጫካውን የእግር መንገዶች ክፍት ማድረግ ነው። ነፋስ የጣለውን ቅርንጫፍ ትቆርጣለች፣ መንገድ የዘጋውን ቁጥቋጦ ትመነጥራለች፣ ግንድ ሲሆንባት ቦታውን አስመዝግባ ለመጋዝ ሰዎች ትተወዋለች። ለዚህ ሁሉ ያላት አንዲት አጭር ፋስ ናት። አለቃው አንድ ጊዜ በካርቶን ሙሉ ያስመጧት፣ ካርቶኑ ላይ «ታክቲካል» የሚል የተጻፈባት። ምን ማለት እንደሆነ ቢጠየቁ፣ «ያው ለከባድ ሥራ የምትሆን ማለት ነው» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እሳቸውም አያውቁትም ነበር። ከራሷ እስከ መጨበጫዋ አንድ ወጥ ብረት ናት፤ ጥቁር፣ ከክንድ የምታጥር፣ እጀታዋ ጎማ የለበሰ፣ ጀርባዋ እንደ መዶሻ ጠፍጣፋ። ወንዶቹ የመጀመሪያውን ቀን እንደ ፊልም ጀግና ሲወዛወዙባት ዋሉ። በሳምንቱ ግማሾቹ ፋሶች የሉም! ጥቁር ዕቃ ጥላ ሥር ካስቀመጡት መሬት ዋጠው ማለት ነው። ሰመመን በመጀመሪያው ቀን ብርቱካናማ ጨርቅ እጀታዋ ጫፍ ላይ ስታስር «ሙሽራ አደረገቻት» ብለው የሳቁባት ሁሉ፣ በኋላ ጨርቅ ለመለመን ተሰለፉ።

አያያዟን ብታዩ! ስትጓዝ ፋሷ ከአፎቷ አትወጣም፤ አፎቱ ቀኝ ዳሌዋ ላይ ነው፣ ስለቱ ወደ ኋላ። የአፎቱ ቁልፍ መዘጋቱን በአውራ ጣቷ ሳትዳስስ አንድ እርምጃ አትሄድም። ለሰው ስታቀብል ከእጅ ወደ እጅ አትሰጥም፤ መሬት ታስቀምጣታለች፣ ተቀባዩ ራሱ ያነሳታል። ዝቅ ያለ እንጨት ስትቆርጥ ትንበረከካለች፤ ፋሷ ብትስት መሬቱን ታግኝ እንጂ ቅልጥሟን እንዳታገኝ። ጠዋት ጠዋት በሞረድ ሳትስላት አትወጣም። «ደነዝ ፋስ ከሰካራም ይብሳል፣ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም» ትላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመሰንዘሯ በፊት ክንዷን ከነፋሷ ዘርግታ ዙሪያዋን ትለካለች። የዚያ እጥፍ በሆነ ርቀት ውስጥ ሰው አይቆምም። ይህ የእሷ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

ጫካ የሚወጣው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። የእሷ ጓደኛ ሜትሮ ነው። ሜትሮ ያሉት አንገቱ ላይ የመለኪያ ሜትሩን እንደ ሻርፕ ስለማያወልቀው ነው፤ የዛፎቹን ውፍረት እየለካ በደብተር መያዝ ሥራው ነው። በስምንት ዓመት ይበልጣታል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲሄዱ እሷ «ወንድምዓለም» ትለዋለች፣ እሱ «እህትዓለም» ይላታል። ጨቅጫቃ ነው። ዳቦ ሲቆርስ እንኳ ለክቶ ነው ብለው ያሙታል፤ ሐሜት ሆኖ ነው እንጂ ውሸት አይደለም።

አሁን ከምነግራችሁ አደጋ ሦስት ዓመት ቀድሞ የሰመመን ዓይን መታመም ጀመረ። መታመም ስላችሁ ሕመም የለውም። እንዲያውም የሚያስፈራው ውበቱ ነበር። ጠዋት ፀሐይ በቅጠል መሐል ስትወርድ እያንዳንዱ ጨረር ጢም ያወጣ ይመስላታል። ራቅ ያሉት ዛፎች ከመሬት ተነሥተው በነጭ ጭስ ላይ ይንሳፈፋሉ። የሜትሮ ሸሚዝ ነጭ ከሆነ ሜትሮ ራሱ ብርሃን ይለብሳል፤ ያ ጨቅጫቃ! ወፍ ሲበር ወፉን አታየውም፣ የሄደበትን መንገድ ግን ታየዋለች፣ ቀጭን ግራጫ ክር ሆኖ። አንዳንዴ ዝም ብላ ትቆምና የትኛው ጫካው፣ የትኛው ሐሳቧ እንደሆነ ይጠፋባታል። በልጅነቷ በእንቅልፍ ልቧ የምታየው አገር ተነሥቶ ወደ እሷ የመጣ መሰላት። እንዴት ብላ ይህን በሽታ ነው ትበል?

ቤቷ ግን ነገሩን አሳበቀባት። አንድ ጠዋት ሻይ ስትቀዳ ሻዩ ከስኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተንዠቀዠቀ። ልጇ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ የምታሾልክ ዓይን ምን ያመልጠዋል?

«እማ፣ ስኒው እኮ እዚህ ነው።»

«አየሁት።»

«ካየሽው ለጠረጴዛው ምነው ቀዳሽለት? ጠምቶት ነው?»

«እንግዲህ አትድረቂብኝ! በሐሳብ ሄጄ ነው።»

ስም ያወጣላትን ሰው ያን ቀን አመሰገነችው፤ ሰመመን ለተባለች ሴት ሻይ ማፍሰስ ምን ይገርማል? ልጇ ጠረጴዛውን እየወለወለች «ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች። ሰመመን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሐኪም ቤቱ ውጤቱን ለመሥሪያ ቤቱ ይልካል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ፋስ አይዝም። ፋሷን ከተቀበሏት ደግሞ የሚጠብቃት የዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ መስኮት የሌለው ክፍል፣ የጎማ ጫማ ሽታ፣ ቀኑን ሙሉ የሚንጨረጨር አምፖል። ጫካው ባሏ ሲሞት ያላሳበዳት፣ ልጇን ብቻዋን ስታሳድግ ያላስመረራት ብቸኛ ቦታ ነው። እሱን ከሚወስዱባት ዓይኗን ቢወስዱት ይሻላታል፤ የሞኝ ሐሳብ ነው፣ ግን እንዲያ ነበር የምታስበው።

በዚያው ሰሞን ሜትሮ ባሰበት። ቅርንጫፍ ልትቆርጥ ስትንበረከክ አጠገቧ መጥቶ ይቆማል። «ወደ ግራ ትንሽ። እሱ አይደለም፣ ከሱ ወዲህ ያለው። አንድ ስንዝር ወደ ራስሽ» ይላል። «ዞር በል፣ ሕጉን ረሳኸው?» ትለዋለች። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይልና ተመልሶ ይመጣል። እርጅና ነው ብላ ናቀችው። ሰው ሲያረጅ አፉ አያርፍም፣ ምን ይደረግ! ደግነቱ የሚለውን ሰምታ ስትሰነዝር ፋሷ ስታ አታውቅም።

አደጋው የደረሰው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጎድጓዳው ቦታ ላይ፣ መንገዱ ጅረቱን የሚሻገርበት ጋ። ነፋስ ሌሊቱን አንድ ዛፍ ጥሎ መሻገሪያውን ዘግቶታል። ግንዱ የመጋዝ ነው፤ ነገር ግን ሰው ጎንበስ ብሎ ሊያልፍበት በሚችለው ቦታ፣ ከግንዱ ሥር ሁለት ቅርንጫፎች ነበሩ። የፊተኛው መንገድ የዘጋ ነው፣ ይቆረጣል። የኋለኛው ግን ግንዱን ደግፎ የያዘ ነው፣ አይነካም። ሕፃን ቢያየው ይለየዋል። ለሰመመን ግን ሁለቱ በነጭ ጉም ውስጥ አንድ ላይ ተሰፍተዋል፤ የቱ ፊት የቱ ኋላ? ሜትሮ ጫማው ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ከክንድ ባነሰ ርቀት ላይ ቆሞ «ወዲህ ያለውን፣ ወዲህ ያለውን» ይላል። የጅረቱ ድምፅ ያባብላል። ለእሷ «ወዲህ» የመሰላትን ሁለት ጊዜ መታችው፣ ሦስተኛውን ስትሰነዝር እንጨቱ ጮኸ፤ ለካ የኋለኛው፣ የማይነካው ኖሯል።

ግንዱ የተንከባለለው ቀስ ብሎ ነው። እሷ እስከ ዛሬ የምትለው እንደዚያ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እንደተኛ ሰው ገላበጥ ሲል። ሜትሮ ለመሸሽ ዞረ፣ ዙሩን ሳይጨርስ ውኃው ውስጥ ተቀመጠ። አልጮኸም። «እህትዓለም፣ እግሬ» ብቻ አለ።

ቁርጭምጭሚቱ በድንጋይና በወፍራም ቅርንጫፍ መሐል ተይዟል። ግንዱ አይነሣም፤ ሞከረች፣ ወገቧ ተንጣጣ። ሬዲዮው ጎድጓዳው ውስጥ ከመንሾካሾክ በቀር አይሠራም። ከላይ ተራራው ላይ እየዘነበ ነበርና ጅረቱ መደፍረስ ጀምሯል፤ ሜትሮ ጭን ላይ የነበረው ውኃ ወገቡ ደረሰ። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለ ሜትሮ፣ ሊስቅ እየሞከረ። መውጫው አንድ ነው፤ ቅርንጫፉን መቁረጥ። ቅርንጫፉ ከቅልጥሙ የሚርቀው ሁለት ጣት ቢሆን ነው።

ሰመመን ተንበረከከች፣ ፋሷን አነሣች። ቅርንጫፍ አየች፣ ሌላ ቅርንጫፍ አየች፣ እግር አየች፣ ሁሉም በአንድ ለስላሳ ብርሃን ውስጥ ይዋኛሉ። ያ ስትወደው የኖረችው ብርሃን ያን ጊዜ አስጠላት። ክንዷ አየር ላይ ቀረ።

«አልችልም» አለች።

«ትችያለሽ።»

«ወንድምዓለም፣ አላይም! እግርህን ከእንጨቱ መለየት አልችልም። ሦስት ዓመቴ ነው። ደብቄህ ነው፣ ሁሉንም ደብቄ ነው» ብላ አለቀሰች፣ ንፍጧና እንባዋ እስኪቀላቀል።

ሜትሮ ውኃው ውስጥ እንደተቀመጠ አያት። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«እንዴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገብሽ የቆምኩት ሽታሽ ናፍቆኝ መሰለሽ?»

እንደ ጥፊ ነው የተሰማት። የናቀችው ጭቅጭቅ፣ እርጅና ያለችው፣ ለካ ዓይኗ ሆኖ ነው! ሕጉን ያስጣሰችው እሷ ናት። ዛሬ እግሩ እዚያ የተገኘው በእሷ ምክንያት ነው። ለማዘን ግን ጊዜ አልነበረም፤ ውኃው ሆዱን አልፏል።

ያኔ እጆቿ ነቁ። ርቀት የማይለይ ሰው መሰንዘር የለበትም፤ ካልሰነዘረ ደግሞ አይስትም። ግራ እጇን ውኃ ውስጥ ከትታ የሜትሮን ቅልጥም ዳሰሰች፣ ከዚያ እንጨቱን፣ ከዚያ በመሐላቸው ያለውን ክፍተት። ስለቱን ከእግሩ ወደ ውጭ አዙራ በጣቷ እየመራች እንጨቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዳር ያነሣችውን የደረቀ ጉማጅ እንደ መዶሻ ይዛ የፋሷን ጠፍጣፋ ጀርባ መታች። ፋሷ ገባች። አላቅቃ ጥቂት አጋደለቻት፣ ደገመች፤ ፍላጩ ወጥቶ ውኃው ይዞት ሄደ። ዳሰሰች፣ አስቀመጠች፣ መታች። ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጣቶቿ ከዓይኗ ይበልጥ ያዩ ነበርና ምን ያደርግላታል? ስንት ጊዜ እንደመታች አታውቅም። ሰዓቱ ቀለጠ፣ ዝናቡ እዚያም መጣ፣ ሜትሮ አንድ ጊዜ የልጆቹን ስም ሲቆጥር ሰማችው። ውኃው ደረቱ ላይ ሲደርስ እንጨቱ ቀጭ አለ። በብብቱ ገብታ ጎትታ አወጣችው፤ ሁለቱም ሣሩ ላይ ተዘርግተው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ስትጠይቀው እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። የመሥሪያ ቤቱን የአደጋ ፎርም በእጇ ይዛ ነበር። አንዱ ጥያቄ «ተጎጂው ፋስ ከያዘው ሠራተኛ ምን ያህል ርቀት ላይ ነበር? ለምን?» ይላል።

«በቸልተኝነቱ ተጠጋ ብለሽ ጻፊ» አለ ሜትሮ። «መጠጋቱንስ ተጠግቻለሁ፣ ውሸት የለበትም። እኔ ከእንግዲህ ቢወቅሱኝ ምን እሆናለሁ? አንቺ ግን ከጫካው ከወጣሽ ትሞቻለሽ።»

«አንተስ?»

«እኔ ጨቅጫቃ ነኝ፣ የትም እኖራለሁ።»

ፎርሙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እስከ ማግስቱ ድረስ ልቧ ሁለት ቦታ ሲጎተት ዋለ። ልትጽፍለት ፈልጋለች፤ ቅድስት አይደለችም፣ እሱ የሰጣትን ቃል ቀድታ ብትጽፍ ማንም አይጠይቃትም። ብዕሩን ስታነሣ ግን ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ያያት ፊት መጣባት። በጠዋት አለቃው ቢሮ ገብታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ከክንድ ባነሰ ርቀት። የተጠጋው እኔ ርቀት መለየት ስለማልችልና ሦስት ዓመት ስለደበቅሁ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል፣ ፊደሎቹ መስመር ስተዋል።

አለቃው ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ልትገድዪ ነበር እኮ» አሉ፤ ድምፃቸውን ቢያነሡባት ይሻላት ነበር። ቀበቶዋን ፈታች። ፋሷን ከነአፎቷ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እሳቸውም ከጠረጴዛው ላይ አነሷት። በዚያው ዕለት የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ተረከበች።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አላት፤ ሁለቱንም ይሸፍናል፣ የቀኙ ብሷል። «መቼ ነው የሚጠፋው?» ብላ ጠየቀች፣ ዓይኗን ማለቷ ነው። ሐኪሙ ሳቀ። «የሚጠፋውስ ሞራው ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር?» አላት። ግማሽ ሰዓት! ለግማሽ ሰዓት ነገር ሦስት ዓመት ዋሽታ፣ የሰው እግር ሰብራ!

ሞራው ከሁለቱም ዓይኖቿ ተገፎ፣ ከሰባት ወር በኋላ አለቃው ሊፈትኗት ግቢው ውስጥ አንድ ግንድ አጋድመው በጠመኔ መስመር አሰመሩበት። ሰመመን የሰጧትን የተውሶ ፋስ ይዛ ተንበረከከች፣ ክንዷን ዘረጋች፣ ዙሪያዋን ለካች፣ መታች። ዐሥሩም ምት ከጠመኔው አልወጣም። አለቃው ያቺን ባለ ብርቱካናማ ጨርቅ ፋሷን አምጥተው ግንዱ ላይ አስቀመጡላት፤ በዚያው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

በማግስቱ ጫካ ወጣች፣ አንድ ዝምተኛ ባልደረባ ተመድቦላት። ጫካው ሌላ ሆኖ ጠበቃት። የሚንሳፈፍ ዛፍ የለም፤ ሁሉም ሥሩን መሬት ውስጥ ሰዷል፣ ቅርፊቱ ስንጥቅጥቅ ነው፣ ጉንዳን ይወጣበታል። ጢም ያለው ጨረር የለም። ከልቧ አዘነች፤ የራሷ ቤት ሳይሆን የዘመድ ቤት መሰላት። ወዲያው ደግሞ አንድ ቅጠል አየች፣ ብቻውን፣ ከነጥርሶቹ፤ ቀጥሎ ሌላውን። እንዲህ ብዙ መሆናቸውን ረስታው ነበር።

ኮረብታው አናት ስትደርስ ሬዲዮው ጮኸ። ሜትሮ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ገጥሟል፣ ግን ደርቆ ነው የገጠመው፤ ሐኪም ዳገት ከልክሎታል፣ ዕድሜ ልኩን። አሁን ቢሮ ውስጥ ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የወጡትን ይከታተላል።

«ሰመመን፣ ይሰማል? ምን ይታይሻል?»

«ይሰማል። በሰሜን መንገድ ሁለት ቅርንጫፍ ወድቋል፣ አንዱን አንስቻለሁ። አንድ ግንድ ለመጋዝ...»

«ሪፖርቱን አልጠየቅኩሽም» አለ።

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠራረገች። «ወንድምዓለም፣ እዚህ መሆን የነበረብህ አንተ ነህ» አለች። «እኔ ነኝ ያስቀረሁህ።»

«ተይ እንጂ! ሬዲዮ ላይ አይለቀስም፣ ሌላውም ይሰማል። ምን ይታይሻል አልኩሽ።»

ባልደረባዋ ነገሩ ገብቶት ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰመመንም መሬት ተቀመጠች። ከፊቷ ካለው ዛፍ ጀመረች፤ ቅርፊቱን፣ ቅርንጫፎቹን፣ የትኛው ፊት የትኛው ኋላ እንደሆነ፣ ውፍረቱን በግምት። ወደሚቀጥለው ሄደች። ሸለቆውን፣ ከሸለቆው ማዶ የዝናቡን ጥላ፣ ገደሉ ላይ የምትዞረውን ወፍ ከነክንፏ ነገረችው። ደክሟት አበቃች።

«ከዚያስ?» አለ ሜትሮ።